ስድስት ጥማድ

በአንድ የደጋ መንደር ውስጥ ከብታቸው የበዛ፣ ማሳቸው የሰፋ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በአንድ ዓመት አሥራ ሁለት ወይፈኖች ባንድ ጊዜ ለቀንበር ደረሱላቸው፤ ስድስት ጥማድ መሆናቸው ነው። ወይፈኖቹ ገና ቀንበር ሳይነካቸው ራሳቸውን ማለማመድ ጀምረው ነበር። ሜዳው ላይ ያለ ምክንያት ይሮጣሉ፣ ጉብታውን በቀንዳቸው ይወጋሉ፣ ግንባር ለግንባር ገጥመው ይገፋፋሉ። እረኞቹ "ይህ ሁሉ ጉልበት በከንቱ መባከኑ ነው?" ብለው ሲያማርሩ ሽማግሌው "ተዉአቸው፤ አስቀድሞ ያልተንቀሳቀሰ ትከሻ ቀንበር አይሸከምም" ይሏቸው ነበር።

ወሬው እንደተሰማ ጎረምሶች ከየአቅጣጫው መጡ። የሽማግሌው ሁለት ወንዶች ልጆች፣ የወንድምና የእህት ልጆች፣ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ተሰበሰቡና አሥራ ሁለት ሆኑ። ሁሉም አራሽ መሆን ይፈልጋሉ፤ ሁሉም ብርቱዎች ናቸው። ሽማግሌው ከፊታቸው አስቀምጠው እንዲህ አሏቸው፦

"ልጆቼ፣ አራሽ የሌለው በሬ ሥጋ ብቻ ነው፤ በሬ የሌለው አራሽም ጩኸት ብቻ ነው። በዚህ መንደር ሰው የሚያድረው በሬው አርሶ በሚያበላው ነው። ጥማድ ያገኘ ይቀራል። ላላገኘው ግን የማበላው እህል የለኝም።"

ስድስቱ ጥማድ ያዙ፤ ስድስቱ ስንቃቸውን ቋጥረው ወጡ። የሄዱት ሰነፎች አልነበሩም። አንዱ ጥቂት ዘግይቶ ደርሶ ነበር፤ ሌላው ሲጠራ በሬው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረበት። በዚያው ዓመት ከወንዝ ማዶ ያለው መንደር ከብቱን በደስታ በሽታ ስላጣ አራሾቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተሰደዱ። ከተራራው በላይ ያለው መንደር ደግሞ ተጨማሪ በሬዎች ገዝቶ ስለነበር፣ በሌላ ዓመት ቢሆን ይሰደዱ የነበሩ ልጆች ሳይቀሩ እዚያው ሥራ አገኙ። ሰዎች ይህን አይተው "ለካ የአራሹን ቁጥር የሚወስነው ከብቱ ኖሯል!" አሉ።

"አዎ" አሉ ሽማግሌው። "እኛ በሬውን የምንነዳው ይመስለናል፤ በሕይወት ያኖረን ግን እሱ ነው።"

የቀሩት ስድስቱም ቢሆኑ ሥራውን በሥርዓት አልጀመሩትም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም በሁሉም በሬ ላይ ይጮህ ነበር። አንዱን ጥማድ ማሳ መሐል አቁመው ሦስት ሰዎች ከሦስት በኩል ያዙታል። አንዱ "ሂድ!" ሲል ሌላው "ቁም!" ይላል፤ ሦስተኛው ጅራፉን ያጮኻል። ወይፈኖቹ ቀንበሩን ወዲያና ወዲህ ይጎትታሉ፤ ማረሻው ከትልሙ ይወጣል፤ ከረፋድ በኋላ ሰውም ከብትም ተዳክሞ ይቆማል። የሽማግሌው ባለቤት ከደጃፋቸው ሆነው ይህን ሲያዩ ከረሙና "ለምን አትለዩዋቸውም?" ብለው ጠየቁ።

"በሬው ራሱ ይለያቸዋል" አሉ ሽማግሌው።

እንደተባለውም ሆነ። ጎህ ሳይቀድ የሚደርስ፣ ቀንበሩን ከመጫኑ በፊት የበሬውን አንገት የሚዳብስ፣ "ሂድ" ሲል እርፉን የሚጫን፣ "ቁም" ሲል እጁን የሚያላላ ሰው ሲጠራ የበሬው ጆሮ ወደ እሱ ይዞራል። ድምፁ አንድ ነገር፣ እጁ ሌላ ነገር የሚናገርበት ሰው ሲጠራ ግን በሬው ዝንቡን በጅራቱ እያባረረ ዝም ይላል። ይህ በአንድ ቀን የተፈጸመ አይደለም። እየዋለ እያደረ የተሰማው ድምፅ ይበልጥ እየተሰማ፣ ያልተሰማው ይበልጥ እየራቀ ሄደ። ሰኔ ሲገባ እያንዳንዱ ጥማድ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ከአንዱ ጥማድ የተገፋ ሰው በዚህ ጊዜ ከመንደሩ አልወጣም፤ የሚሰማው የራሱ ጥማድ ነበረውና ወደዚያው ተመለሰ።

ከስድስቱ አራሾች መካከል ሁለቱ የሽማግሌው ልጆች ነበሩ። ታላቁ ቀልጣፋ ነው። ባጭር ባጭሩ ከፍ አድርጎ ይጮኻል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጮኻል። በሬዎቹ በጥሪው ይወረወራሉ፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ያለከልካሉ። ታናሹ ዝግ ባለ ድምፅ ከማለዳ እስከ ማታ ሳያቋርጥ ያንጎራጉራል። የእሱ በሬዎች አይቸኩሉም፤ ከባዱን ዋልካ ሲገለብጡ ውለው ማታ በእግራቸው ደህና ሆነው ይገባሉ። መንደሩ "የታላቁ በሬዎች ፈጣን ዘር ናቸው፤ የታናሹ ደግሞ ከእናታቸውም ዘገምተኞች ነበሩ" ብሎ ፈረደ።

ሽማግሌው ፍርዱን ሰምተው ዝም አሉ። በማግስቱ ግን የታላቁን ጥማድ ለታናሹ፣ የታናሹን ለታላቁ ሰጡ። ለጊዜው ሁለቱም ተቸገሩ። ፈጣኖቹ በዝግታው ጥሪ ይበሳጫሉ፤ ዘገምተኞቹ በድንገተኛው ጩኸት ይደናገራሉ። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ፈጣኖቹ ረጋ አሉ፤ ዘገምተኞቹ ፈጠኑ። ፍጹም አልተለወጡም፤ ቀለማቸውም ቀንዳቸውም ያው ነው፣ ከቀድሞ ጠባያቸውም የቀረ ነበር። አረማመዳቸው ግን የሚጠራቸውን ሰው መሰለ።

ዓመታት አለፉ። በአንድ ክረምት መንደሩ ውስጥ ትኩሳት ገባ። ከስድስቱ አራሾች አራቱን ወሰደ፤ ታላቁ ወንድምም ከእነሱ አንዱ ነበር።

በሬዎቹን ትኩሳቱ አልነካቸውም። ሳሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ምንጩም ሙሉ ነው። ነገር ግን ጠሪያቸውን ያጡት አራት ጥማዶች ከሳምንት ሳምንት እየመነመኑ ሄዱ። ሻኛቸው ረገበ፤ ትከሻቸው ሟሸሸ፤ ጭናቸው አጥንቱ ወጣ። በቆሙበት ሥጋቸው ማንም ሳይነካቸው በጥቂት በጥቂቱ ይርገበገባል። ልጆች ገብስ በቁና ቢያቀርቡላቸውም ያው ነበሩ። የሚገርመው ግን ጆሯቸው ነበር። ቀድሞ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም የማይዞር ጆሮ፣ አሁን በመንገድ የሚያልፍ መንገደኛ ሲያስል እንኳ ብድግ ይላል። በመላ ሰውነታቸው ጥሪ ይጠባበቁ ነበር።

ታናሹ ወንድም የራሱን ጥማድ አርሶ ሲፈታ በአጥሩ ማዶ እነዚያን ጆሮዎች አየ። አጥሩን ተሻግሮ ከዓመታት በፊት እሱ ራሱ ወደ ገራቸው፣ በኋላ ለወንድሙ ወደ ተሰጡት በሬዎች ሄደ። ዝግ ባለ ድምፁ ጠራቸው። መጀመሪያ አንዱ ራሱን አነሣ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ቀንበሩ ሥር ገቡ። ጉልበት አልነበራቸውምና ሁለት ትልም ብቻ አርሶ ፈታቸው። በሳምንቱ አራት፣ በወሩ ግማሽ ማሳ አረሱ። ከዚያ የሌላውን የሟች ጎረቤት ጥማድ ጨመረ። ከእሱ ጋር የተረፈው ሌላው አራሽም አንድ ጥማድ አከለ። ስድስተኛው ጥማድ ግን የቀረበው ሰው ስላልነበረ ከስቶ ከስቶ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የታናሹ ወንድም ቀን ይህ ሆነ፤ በማለዳ የራሱን ጥማድ፣ ረፋድ ላይ የወንድሙን፣ ከሰዓት በኋላ የጎረቤቱን ይዞ ያርሳል። አንድ ጉሮሮ ለሦስት ጥማድ ይጠራል። በዓመቱ መንደሩ አጨደ፣ ወቃ፣ ጎተራውን ሞላ። እንግዳ ቢመጣ ስንት አራሽ እንደሞተ መገመት አይችልም ነበር። "መንደሩ ዳነ" ተባለ፤ ያ ክረምትም ተረሳ።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። ሽማግሌው አረፉ። በሬዎቹ እያረጁ በጥጆቻቸው ተተኩ፤ ድምፁ ግን ያው የታናሹ ወንድም ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከልክ በላይ ይደክመው ጀመር። ከሰዓት በኋላ የሚያርሰው ጥማድ መሐል ትልም ላይ ይቆማል፤ እሱ ይጠራል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ በሬዎቹ ግማሹን ይሰማሉ ግማሹን አይሰሙም። የመንደሩ ሰው ማማት ጀመረ። "ትናንት ሦስት ጥማድ ያርስ የነበረ ሰው ዛሬ ምን ነካው? ስንፍና ነው እንጂ!" ያለ አለ። ወዳጁ የሆነ ደግሞ "በርታ፤ ካልታገልከው ይብስብሃል" ብሎ መከረው። እሱም አምኖ ታገለ። በሌሊት እየተነሣ፣ ምሳውን እየተወ፣ እየተጎተተ አረሰ። ሦስተኛው ጥማድ ጨርሶ መስማት ያቆመው ያን ጊዜ ነው።

መንደሩ ሊመክርበት ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። በዕድሜ የጎበጡት እናቱ ተደግፈው መጡና ቁጭ ካሉ በኋላ እንዲህ አሉ፦

"እናንተ ያ ክረምት አለፈ ትላላችሁ። አላለፈም። ይህን ሁሉ ዓመት የእናንተን ጎተራ ሲሞላ የኖረው በአንድ ሰው ጉሮሮ ነው። ልጄ የደከመው ስላልሠራ አይደለም፤ የሦስት ሰው ሥራ ሠላሳ ዓመት ስለሠራ ነው።"

"ታዲያ እማማ፣ ምን ይሻላል?" አሏቸው።

"የራቀውን ማሳ ተዉት፤ ግጦሽ ይሁን። የቀሩትን ሁለት ጥማዶች ደክሞት ከመቆሙ በፊት እያረፈ ይረስ። እርፉን የሚያግዘው፣ እህሉን ወደ ቤት የሚያስገባለት ሰው ይኑር። ጨርሶ ግን ቤት አታስቀምጡት፤ ካልጠራቸው በሬዎቹም ያበቃላቸዋል፣ እሱም ያበቃለታል።"

መንደሩ የእናቲቱን ምክር ተቀበለ። ታናሹ ወንድም ከዚያ በኋላ ሦስት ጥማድ አላረሰም። ሁለቱን ግን እስከ ዕድሜው ማምሻ አረሰ።

ምሳሌው የገዛ ሰውነታችን ነው። በሬው ጡንቻ ነው። አራሹ ከኅብለ ሰረሰር ተነሥቶ እስከ ጡንቻ የሚዘልቀው የእንቅስቃሴ ነርቭ ሕዋስ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ሕዋስ ዓይንን በሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች ውስጥ አሥር ያህል ክሮችን ብቻ ሲያዝ፣ በባት ጡንቻ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ሊያዝ ይችላል። እያንዳንዱ የጡንቻ ክር ግን በተለምዶ የሚሰማው አንድ ነርቭ ብቻ ነው። ሁለቱ አይነካኩም። በመሐላቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃያ ሺህ እጅ የሚያንስ ክፍተት አለ፤ ትእዛዙ የሚሻገረው አሴቲልኮሊን በተባለ ኬሚካል ነው።

ጥማድ አጥተው የተሰደዱት ጎረምሶች ተረት አይደሉም። ይህን ያየችው ተመራማሪ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ የጣሊያኑ የሙሶሊኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 አይሁዳውያንን ከዩኒቨርሲቲ ባስወጣበት ሕግ ሥራዋን አጣች። ቱሪን ውስጥ መኝታ ክፍሏን ቤተ ሙከራ አደረገች፤ የልብስ መርፌ እየሳለች የጫጩት ፅንስ ትመረምር ነበር። ከእሷ በፊት ሌላው ተመራማሪ ቪክቶር ሃምበርገር የፅንሱ እግር ወይም ክንፍ ገና በእንቡጡ ሲቆረጥ በኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ነርቭ እንደሚጎድል አይቶ፣ ነርቮቹ ከመነሻው አልተፈጠሩም ብሎ አስቦ ነበር። እሷ ግን ነርቮቹ ተፈጥረው፣ ጉዞ ጀምረው፣ የሚያኖራቸው አጥተው እንደሚሞቱ አየች። በኋላ ሁለቱ በአሜሪካ አብረው ሠሩ። እሷም ነርቭን የሚያሳድገውን ንጥረ ነገር በማግኘቷ እ.ኤ.አ. በ1986 ከስታንሊ ኮኸን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ዛሬ እንደሚታወቀው በጤናማ ጫጩትና በአይጥ ፅንስ ውስጥ እንኳ ከተፈጠሩት የእንቅስቃሴ ነርቮች ግማሽ ያህሉ ከመወለድ በፊት ይሞታሉ፤ ተጨማሪ እግር ከተተከለ ግን ብዙዎች ይተርፋሉ። በአንድ በሬ ላይ የጮኹት ብዙ ድምፆችም እውነት ናቸው። አዲስ በተወለደ የአይጥ ግልገል አንዱን የጡንቻ ክር ብዙ ነርቮች ይጋሩታል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ አንዱ ብቻ ይቀራል። የጥማዱን ልውውጥ ደግሞ የነርቭ ተመራማሪው ጆን ኤክልስና ባልደረቦቹ በድመት ላይ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ሥራ የፈጣንና የዘገምተኛ ጡንቻ ነርቮችን ሲያቀያይሩ ፈጣኑ እንደዘገየ፣ ዘገምተኛው እንደፈጠነ አሳዩ።

ትኩሳቱ የልጅነት ልምሻ፣ ማለትም ፖሊዮ ነው። ቫይረሱ የሚገድለው ጡንቻውን ሳይሆን የሚጠራውን ነርቭ ነው። የተረፉት ነርቮች አዳዲስ ቅርንጫፍ አውጥተው የሞቱት ነርቮች ያዝዟቸው የነበሩትን ክሮች ይረከባሉ፤ አንዱ ከቀድሞ ድርሻው ብዙ እጥፍ ይሸከማል። ልጁ ይነሣል፣ ይራመዳል፣ ቤተሰቡም "ዳነ" ይላል። ከ15 እስከ 40 ዓመት ካለፈ በኋላ ግን በብዙዎቹ ላይ አዲስ ድክመት፣ የጡንቻ ሕመምና ከልክ ያለፈ ድካም ይመጣል። ድኅረ ፖሊዮ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ምክንያቱ ቫይረሱ መመለሱ ሳይሆን፣ ከመጠን በላይ የተሸከሙ ነርቮች ቅርንጫፎቻቸውን ማቆየት ማቃታቸው እንደሆነ ይታመናል።

ይህን ምሳሌ የነገርኩት በመካከላችን ስላሉት እነዚህ ሰዎች ነው። የኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ነው። ስለዚህ በልጅነታቸው ልምሻ የያዛቸው ወገኖቻችን ብዙዎቹ ዛሬ በጉልምስና ዕድሜ ላይ ናቸው። ተምረዋል፣ ነግደዋል፣ ልጅ አሳድገዋል፤ እጅና እግራቸው በጥቂት ነርቭ ትከሻ ላይ ቆሞ። "ቀድሞ ደረጃውን ብቻዬን እወጣ ነበር፤ አሁን አቃተኝ" ሲሉ "ለመድክ፤ ሰነፍክ" ከማለት እንቆጠብ። ጡንቻ ብቻውን ጉልበት የለውም፣ ነርቭም ብቻውን እንዲሁ። ጉልበት የሚባለው የሁለቱ ስምምነት ነውና፣ ስምምነቱ ሲላላ በቁጣና በፉክክር አይጠገንም።

አዲስ ድክመት የተሰማው ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ በልጅነቱ ልምሻ እንደያዘው አስቀድሞ ይናገር፤ ድካሙ ሌላ ሊታከም የሚችል ምክንያት እንዳለው መጣራት አለበትና። ልኩን የጠበቀ እንቅስቃሴ በባለሙያ ምክር ይቀጥል፤ ከመዛሉ በፊት ይረፍ። ክራንች፣ የእግር ድጋፍ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር መያዝ መሸነፍ አይደለም፤ የቀሩትን ነርቮች ማሳረፊያ ነው። ቤተሰብም ሆነ አሠሪ ሥራውን ሳይነጥቅ ሸክሙን ይካፈል። ሕፃን ያለው ደግሞ ክትባቱን እስከ መጨረሻው ያስከትብ። ከአንድ ነርቭ ላይ የሦስቱን ሸክም ከማንሣት ሦስቱንም በሕይወት ማቆየት ይቀላል።